አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አራት

ቅዳሜ ጠዋት አጎቴ በግራ እግሩ ጥቁር፣ በቀኝ እግሩ ቡናማ ጫማ አድርጎ ከቤት ወጣ። እኔ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው መስታወት ፊት ቆሜ ፀጉሬን እያበጠርኩ ነበር። ጺሙን ተላጭቷል፣ ኮቱን ቆልፏል፣ ባርኔጣውን ዘንበል አድርጎ ደፍቷል፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ብቻ ላየው ሙሽራ ነው። «ጋሼ፣ ጫማህ» ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። አላልኩም። በእኛ ቤት ሰው የሌላውን ጉድለት አይቶ ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱንም እንደ ፍቅር ይቆጥረዋል። ደህና ዋይ አለኝ፣ ደህና ዋል አልኩት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እሱ ወደሚሠራበት ሲኒማ ቤት እንደምከተለው ሁለታችንም እያወቅን።

ጥፋቱ የእትዬ አለመኖር ነው። እትዬ የአጎቴ ሚስት ናት። እኔ ለትምህርት ብዬ እነሱ ዘንድ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ትምህርቱ አለቀ፣ እኔ አልወጣሁም፣ ውጪ ያለኝም የለም። ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ የማየው ነገር ቢኖር እትዬ ከመተኛቷ በፊት ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብላ የባሏን ጫማዎች ስታስተካክል ነው፤ ጥቁሩን ከጥቁሩ፣ ቡናማውን ከቡናማው፣ ግራውን በግራ፣ ቀኙን በቀኝ። መብራት አታበራም። እኔም የክፍሌ በር ገርበብ ብሎ ሳያት እንዳላየሁ እገለበጣለሁ። አርብ ዕለት ግን እህቷ ቤቷን ቀለም ስታስቀባ ልታግዛት ሄዳ እዚያው አደረች፤ ጫማዎቹም የራሳቸውን ዕድል በራሳቸው ወሰኑ።

እኔ ትኬት ቆራጭ ነኝ። አጎቴ ደግሞ ፊልም የሚያሳየውን ማሽን ከሃያ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ሲያንቀሳቅስ የኖረ ሰው ነው። ሲኒማ ቤታችን ሁለት መቶ አርባ ወንበር አለው፤ ከነዚህ ውስጥ ሠላሳ ያህሉ የተቀመጠባቸውን ሰው ይቆነጥጣሉ፤ የለመደ ደንበኛ የትኞቹ እንደሆኑ ያውቃል፣ ላልለመደው ደግሞ አይነግርም። ትኬቱ ከአንድ ሻይና ከአንድ ዳቦ ዋጋ አይበልጥም፤ ፈንዲሻው ግን ከትኬቱ ይወደዳል። ሌላው ሲኒማ ቤት ሁሉ ፊልም የሚያሳየው ቁልፍ ተጭኖ ነው። የእኛ ዛሬም በጥቅል፣ በክብ በክብ ቆርቆሮ ሣጥን ሆኖ ይመጣል፤ ለአንድ ፊልም አራት ጥቅል። ማሽኑ አንድ ብቻ ስለሆነ አንዱ ጥቅል ሲያልቅ መብራት ይበራል፣ አጎቴ ማሽኑን የሚቀጥለውን እስኪያጎርሰው ሰው ፈንዲሻውን ይገዛል፣ ስላየው ይከራከራል፣ ስላላየውም ይተነብያል። አንዳንዱ ሰው የሚመጣው ለዚች ዕረፍት ብሎ ነው እላለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት አጎቴ የሣጥኖቹን ቁጥር ለማንበብ ቆርቆሮውን አፍንጫው ድረስ ማስጠጋት ጀመረ። ከዚያ ቆርቆሮውን ወደ መስኮት ይዞ መሄድ ጀመረ። ከዚያ ማንበቡን ተወ። አንድ ቀን የአሮጌ ብስክሌት ካላማዳሪ ቀጭን ቀጭን አድርጌ ቆራረጥኩና ለመጀመሪያው ሣጥን አንድ ላስቲክ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለሦስተኛው ሦስት፣ ለአራተኛው አራት አጠለቅሁላቸው። ክዳናቸው እንዳይከፈት ብዬ ነው አልኩት። አጎቴ በጣቱ ዳበሳቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጥሩ አደረግሽ፣ ክዳን ሲከፈት አቧራ ይገባል አለኝ። ስለ ዓይኑ የተነጋገርነው ይህንኑ ነው። ምስሉ ሲደበዝዝ ደግሞ እኔ ከአዳራሹ በር ላይ ሆኜ በእጅ ባትሪዬ ወደ ላይ መብራት አበራለታለሁ፤ እሱ ማስተካከያውን ያዞራል፤ ሲጠራ አጠፋለታለሁ። ይቺን የጀመርናት ካለፈው ሳምንት ወዲህ ነው፤ ባለፈው ሳምንት የደረሰብንን ደግሞ አሁን እነግራችኋለሁ።

የሲኒማ ቤቱን ባለቤት ከጀርባዋ ወራሿ እንላታለን፤ ከአባቷ ነው የወረሰችው። ክፉ አይደለችም፣ ችኩል ናት። ከሦስት ወር ወዲህ ከመውጫው በር አጠገብ የአስተያየት ሣጥን አስቀምጣለች፤ ሰው የጻፈውን ሁሉ እንደ ሕግ ታነበዋለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሷ ሞኝ አይደለችም፣ ወረቀቱን ግን አትለቅም። ባለፈው ሳምንት የወጡት ወረቀቶች ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ ምስሉ ነበሩ። አንዱ ፊልሙን ያየሁት በጭጋግ ውስጥ ነው ብሏል። ሌላው ዓይኔ መስሎኝ ሐኪም ቤት ልሄድ ነበር ብሏል። ጡረታ የወጣው የሂሳብ መምህር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የማይቀር፣ አምስተኛው ረድፍ ጥግ ላይ እስክሪብቶውን ከፍቶ የሚቀመጠው፣ የወረቀቱን ፊትና ጀርባ ሞልቶ ጽፎ ሲያበቃ ከግርጌው ከአሥር ሦስት ብሎ ማርክ ሰጥቶን ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ደርሼ የመግቢያውን ክፍል ስጠርግ የወራሿ ቢሮ በር ገርበብ ብሏል። ከወንድሟ ጋር በስልክ እያወራች ነው። ቁልፍ በመጫን ብቻ የሚሠራውን አዲሱን ማሽን የሚያመጣ አንድ ወጣት ስለማግኘቷ፣ ሰኞ ለመጀመር ዝግጁ ስለመሆኑ ትነግረዋለች። ቀጥላ ይህን ስትል ሰማሁ፦

«ሽማግሌው ዓይኑ ደክሟል። የዛሬውን ወረቀት ልይና አንድ ሰው እንኳ ስለ አሠራሩ ካማረረ ሰኞ ልጁ የማሽኑን ክፍል ቁልፍ ይረከባል። ለእሱ አሁን አልነግረውም፤ ሥራውን ያበላሽብኛል።»

መጥረጊያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄ ነው፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት የሠራበትን ቤት ሊለቅ እንደሆነ ወንድሟ ያውቃል፣ ወጣቱ ያውቃል፣ መጥረጊያዬ ያውቃል፣ እሱ ግን ከላይ ማሽኑን በጨርቅ እየወለወለ ያፏጫል። አጎቴን አውቀዋለሁ። ከዚያ ክፍል ያወጡት ዕለት በሁለት ወር ውስጥ ያረጃል፤ ወንበሩን መስኮት ሥር አስጠግቶ የማያየውን መንገድ ሲያይ ይውላል። ተናደድኩ፣ አዘንኩም። ልነግረው ደረጃውን ግማሽ ድረስ ወጣሁና ተመለስኩ። ምን ብዬ እጀምራለሁ? ዓይንህ ሳልል ሥራህ ማለት አልችልም፤ ዓይንህ ማለት ደግሞ በቤታችን አልተለመደም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ትኬቶቼን መደርደር ጀመርኩ።

ፊልሙ በስምንት ሰዓት ይጀምራል። ማስታወቂያው ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አሳንሰር ውስጥ ተፋጠው ቆመዋል፤ እሱ የሥራ ቱታ ለብሷል፣ እሷ የድሮ ባርኔጣ አድርጋለች፤ ወደ ኋላ አርባ ዓመት የሚወስድ አሳንሰርና ፍቅር፣ ሳቅ በሳቅ ይላል። አዳራሹ ሞላ። ታክሲ ነጂው መጣ፤ ይሄ ሰው ፊልም ሳይጀመር መጨረሻውን የሚነግራችሁ፣ ሲያልቅ ደግሞ ብያለሁ አላልኩም የሚል ነው። ከፊት ለፊታችን ያለችው ፀጉር ሠሪ ደንበኛዋን ማድረቂያ ሥር ትታ መጣች። የሂሳብ መምህሩ ትኬቱን ሰጠኝና ዛሬ ጥርት ያለ ነገር እናይ ይሆን አለኝ። ያዩታል አልኩት፤ የእጅ ባትሪዬንም አብርቼ ሞከርኩት።

የመጀመሪያው ጥቅል ሸጋ ሆኖ አለፈ። አሳንሰር ጠጋኙ አንድ የቆየ ሕንፃ ውስጥ በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መካከል የተደበቀ ቁልፍ ያገኛል፤ ሲጫነው በሩ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ይከፈታል፤ ዘበኛ ያባርረዋል፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ይሄዳል። ምስሉ ሁለት ጊዜ ሲደበዝዝ አጎቴን በባትሪዬ ጠራሁት፣ ሁለቴም አጠራው። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። መብራት ሲበራ ታክሲ ነጂው ተነስቶ ቀጥሎ ከአንዲት ሴት ጋር ይተዋወቃል፣ ሳምንት አይሞላም ይጠይቃታል፣ እሺ ትላለች፣ ጻፉት አለ። በዚሁ መሐል እትዬ የፕላስቲክ ከረጢት ይዛ መግቢያው ላይ ብቅ አለች። ከእህቷ ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ አንድ ጥቁርና አንድ ቡናማ ጫማ ብቻ አግኝታ ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። በከረጢቱ ውስጥ ምን እንዳለ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም፤ የተረከዙ ቅርጽ ግን ያስታውቃል። ሥራ ላይ ነው፣ እስኪያልቅ እዚህ ጠብቂ ብዬ መጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀመጥኳት። ባሏ ዕድሜውን የጨረሰበት ቤት ነው፤ እሷ ግን ከተጋቡ ወዲህ ሦስት ጊዜ ብትመጣ ነው።

መብራት ጠፋ። ሸራው ላይ አሳንሰር ጠጋኙና ባርኔጣ ያደረገችው ሴት አንድ ማእድ ቤት ውስጥ ቆመው ይጣላሉ። እሷ የማቀዝቀዣውን በር ትወረውራለች። እሱ ሦስት ዓመት ሙሉ ሞባይል ሲጠራ የምትደነግጪው እስከ መቼ ነው ይላታል። እሷ ደግሞ አንተ ዘመን ውስጥ ሰው ከሰው ጋር አይነጋገርም ትለዋለች። አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተነሳ። መቼ ተጋቡ? መቼ ተዋወቁ? ታክሲ ነጂው ዝም አለ፤ ይሄ ራሱ ታሪክ ነው። የሂሳብ መምህሩ ሰዓቱን አየ፣ ጻፈ። እኔ ፊልሙን አላውቀውም፤ ግን አንድ ነገር ልቤን ቆነጠጠኝ። ሴትዮዋ ተቆጥታ፣ ሻንጣዋን ይዛ፣ አሳንሰሩ ውስጥ ገብታ በሩ ሲዘጋባት ጥቅሉ አለቀና መብራት በራ።

ዕረፍቱ ላይ ጫጫታው ጣሪያ ነካ። ፀጉር ሠሪዋ ከሰማይ ዱብ ያለ ትዳር ነው ትላለች። አንዱ የተቆረጠ ነገር አለ ይላል። ታክሲ ነጂው መተንፈሻ አገኘና ቆመ፤ የጊዜ ጉዞ ፊልም እኮ ነው፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነ አውቶብስ ነው እንጂ የጊዜ ጉዞ አይደለም፣ ታገሡ፣ ሰውዬው ሊመልሳት ወደ መጀመሪያው ቀን ይሄዳል አለ። እኔ ለአስተያየት ወረቀቱ እስክሪብቶ ላመጣ ወደ ወራሿ ቢሮ ሮጥኩ። እሷ የለችም። ጠረጴዛዋ ላይ ግን ያለፈው ሳምንት ወረቀቶች ተጠቅልለው፣ ግራና ቀኝ በጥቁር ላስቲክ ታስረው ተቀምጠዋል። የብስክሌት ካላማዳሪ። የእኔ አቆራረጥ። ቆጠርኳቸው፤ ስድስት ናቸው። እስክሪብቶውን ረስቼ ወጣሁ።

ወደ ማሽኑ ክፍል የሚወጣው ደረጃ ጠመዝማዛ ነው፤ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ስደርስ መብራት ጠፍቶ የሚቀጥለው ጥቅል መዞር ጀምሯል። አጎቴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ እጁን ባዶው ቆርቆሮ ላይ አሳርፏል። ክፍሉ ከአንድ አልጋ አይሰፋም፤ ትኩስ ዘይት ዘይት ይላል።

«ጋሼ፣ ላስቲኮቹ…»

«የመጀመሪያውን ትናንት ማታ አጉርሼው ነበር፤ ዛሬ ግን ሁሉም አንድ አንድ ነው ያላቸው» አለኝ። ቆርቆሮውን ዳበስ አድርጎም «ክዳናቸው ግን በደንብ ተገጥሟል» አለ።

በትንሿ መስኮት ወደ ሸራው አየሁ። አሳንሰር ጠጋኙ በሩን ከፍቶ ይወጣል፤ ያቺው ሴት፣ የስልክ ኦፕሬተር ሆና፣ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ አሳንሰሩን ሳምንት ሙሉ ስጠብቅ ነበር ብላ ትጮህበታለች። የመጀመሪያው ቀናቸው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥቅል ተለዋውጠዋል። ከታች ትልቅ ሳቅ ፈነዳ።

«ይስቃሉ?» አለ አጎቴ።

«ይስቃሉ።»

«በፊልሙ ነው፣ በእኛ?»

«ገና አልለየም» አልኩት።

መልሰን ብንነቅለው አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። ብንተወው ደግሞ የሚሆነው ይሆናል። ወርጄ ባትሪዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሸራው ላይ ያለው ሰውዬ ያልተዋወቃትን ሴት እያየ ፈገግ ይላል፤ በቃ፣ ቆንጆ ሴት ያየ ወንድ ፈገግታ ነው። አዳራሹ ግን ሰውዬው ሁሉን የሚያውቅ መሰለው። የማቀዝቀዣውን በር እንደምትወረውር ያውቃል፣ ሦስት ዓመት እንደሚኳረፉ ያውቃል፣ ሻንጣዋን ይዛ እንደምትሄድ ያውቃል፤ እያወቀ ይስቅላታል። ከአሳንሰሩ ላይ አንድ የብሎን ዳዶ ፈትቶ፣ ተንበርክኮ፣ እንደ ቀለበት ጣቷ ላይ ሲያጠልቅላት ሁለት መቶ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ፀጉር ሠሪዋ በፎጣዋ ፊቷን ሸፈነች። ታክሲ ነጂው ብያለሁ አላልኩም እንኳ አላለም። ወደ መጨረሻው ረድፍ ዞር ስል እትዬ ከረጢቱን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አንገቷን አስግጋ ታያለች። አራተኛው ጥቅል ላይ ሰውዬው አሳንሰሩ ተበላሽቶበት ዘጠኝ ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ሲያገኛት፣ እሷም ዳዶውን ከጣቷ ሳታወልቅ ስትጠብቀው ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። በዚያ ቤት ለፊልም ሲጨበጨብ ሰምቼ አላውቅም።

ሕዝቡ እየጻፈ፣ እየተከራከረ፣ እየተጯጯኸ ወጣ። እስክሪብቶ አልበቃ አለ። ወረቀቶቹን ከሣጥኑ አውጥቼ ለወራሿ የምወስደው እኔ ነኝ፤ በመንገድ ላይ ማንበብም ልማዴ ነው። የሂሳብ መምህሩን ጽሑፍ ከሩቅ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ አየሁ፦ «ጥቅል ሦስት ከጥቅል ሁለት ቀድሞ ታይቷል።» የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። ወረቀቷን አጠፍኳትና ኪሴ ከተትኳት። ሌብነት ነው፤ አውቃለሁ።

ወራሿ እኔንና አጎቴን ቢሮዋ አስጠራችን። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጮክ ብላ ታነባለች። ፀጉር ሠሪዋ እንዲህ ብላለች፦ «ባል ማለት እንዲህ ነው። ጥሉን፣ ኩርፊያውን፣ የበሩን ውርወራ ሁሉ አይቶ ወደ መጀመሪያው ቀን ተመልሶ አግቢኝ አላት። የእኔው የጠየቀኝ ሳያውቀኝ ነው።» ታክሲ ነጂው ደግሞ፦ «መጀመሪያ ግራ ገባኝ፣ ቀጥሎ ገባኝ፣ አሁን እንደገና ግራ ገብቶኛል። ነገ ሚስቴን ይዤ እመጣለሁ።» አንዱ ፊልሙን ትቶ ወንበሩ ቆነጠጠኝ ብሏል። ሌሎቹ ግን እንደ ተመካከረ ሰው አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ አወራረዱ፣ አወራረዱ፣ እንዲህ ያለ የታሪክ አወራረድ አላየንም። ወራሿ ፊቷ በርቷል። ጋሼ፣ ምስሉም ጥርት ያለ ነበር፣ የሚያማርር አንድም ሰው የለም አለችው። ደስታዬ ከወገቤ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ። አለቀ፣ ተረፍን አልኩ በልቤ። ዝም በል ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ እንደ ሁልጊዜው ዝም በል።

አጎቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ሁልጊዜ እርስዎ የሚላትን ሴት፣ ልጅ ሳለች ከአባቷ ጋር ወደ ማሽኑ ክፍል ስትመጣ ባዶ ቆርቆሮ ገልብጦ ያስቀምጣት የነበረችውን፣ ያን ጊዜ ይጠራት እንደነበረው ጠራት።

«ልጄ» አላት፣ «አወራረዱ የእኔ ስህተት ነው። ሦስተኛውን ከሁለተኛው አስቀደምኩት። ዓይኔ የቆርቆሮውን ቁጥር ካላየ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የምለያቸው ይቺ ልጅ በምታስርልኝ ላስቲክ ነበር። ዛሬ ላስቲኩ የለም። ልጅቷን ጠርቼ የቱ ነው ሁለተኛው ማለት አቃተኝ። አንድ ቃል እኮ ነው።»

ወራሿ አጎቴን አየችው፤ ቀጥላ ዓይኗን ወደ እግሩ ጣለች፤ አንድ ጥቁር፣ አንድ ቡናማ። ከዚያ ቀስ ብላ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን የወረቀት ጥቅልል አነሳችና ላስቲኮቹን በጣቷ ነካካቻቸው። «ጠዋት ማንም ሳይገባ ወረቀቶቹን የማስርበት አጥቼ ከማሽኑ ክፍል ነቀልኳቸው፣ ብዙ ካላቸው ላይ ነው የወሰድኩት፣ ክዳኑ እንዳይከፈት ብዬ ለየአንዳንዱ አንድ አንድ ትቼለታለሁ» አለች፤ ድምፅዋ የባለቤት አልነበረም። እኔንም ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት እንደ ፍም ፈጀኝ። እሱ እውነቱን ከተናገረ እኔ የሰረቅሁት ምን ይሠራልኛል? አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ወራሿ አነበበችው፦

«ጥቅል ሦስት ከጥቅል ሁለት ቀድሞ ታይቷል። ማስረጃ፦ ዳዶው በሴትዮዋ ጣት ላይ የታየው ከመሰጠቱ ከሃያ አምስት ደቂቃ በፊት ነው። ስህተቱ ግልጽ ነው። እባካችሁ እንዳታርሙት። ከአሥር ዘጠኝ ተኩል።»

መጀመሪያ የሳቀችው ወራሿ ናት። ሳቋ መሐል ላይ ዓይኖቿን ጠረገች። አባቷ ቢኖር ይሄን ጉድ ሰምቶ ሳምንት ሙሉ አይተኛም ነበር አለች። ቀጥሎም እንደ ልማዷ ችኩል ሆነችና ባንድ ትንፋሽ ወሰነች፤ ሰኞ የሚመጣው ወጣት አይመጣም፣ ማሽኑን እጁ የሚያውቀው ጋሼ ይዞ ይቀጥላል፣ እኔ ከላይ ወጥቼ ዓይኑ እሆናለሁ፣ ትኬት የሚቆርጥ ሰው አይጠፋም፤ የአሥራ አንድ ሰዓቱም ሆነ የነገው ፊልም እንደ ቅድሙ ይታያል፣ አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አራት። ሰኞ ጠዋት ግን ጋሼ መጀመሪያ ወደ ዓይን ሐኪም ይሄዳሉ አለች። ያን ጊዜ ከኋላችን አንድ ድምፅ ቀጠሮውን እኔ ይዤለታለሁ አለ። እትዬ በሩ ላይ ቆማለች። ምን ያህል እንደሰማች አላውቅም፤ ከፊቷ ስገምት ሁሉንም።

ገባችና አጎቴን ወንበር ላይ አስቀምጣ ከከረጢቱ ውስጥ ጫማውን አወጣች። ቡናማው የግራ ነው። ጥቁሩን ብታመጣም ጥንዱ ይሞላ ነበር፤ የትኛው ይሻላል ብላ ስትጨነቅ መንገዱ እንዳለቀ ነገረችን። ጎንበስ ብላ የጥቁሩን ማሰሪያ ፈታች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጫማህን ሳስተካክል የማታውቅ መስሎኝ ነበር» አለችው።

«አንድ ማታ ሆን ብዬ በታትኛቸው ተኛሁ» አለ አጎቴ። «ጠዋት ተሰልፈው አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እበትናቸዋለሁ።»

እትዬ ጫማውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። የሸራው ላይ ሴትዮ እንኳ ሰውዬውን እንዲህ አላየችውም።

«የእኔን ወገብ ማን አስቦለት!» አለች፤ ማሰሪያውንም ጥብቅ አድርጋ አሰረችለት።

ለአሥራ አንድ ሰዓቱ ሰልፉ ከበሩ አልፎ መንገዱን ይዞ ነበር፤ ታክሲ ነጂው ነገ ይዤ እመጣለሁ ያላትን ሚስቱን ለነገ አላሳደራትም፣ አሁኑኑ ይዟት መጥቷል፣ መጨረሻውን ግን አልነገራትም። ወራሿ ስለ ፊልሙ የእትዬን አስተያየት ጠየቀቻት፤ ወረቀትም ሰጠቻት። እትዬ ወረቀቱን መለሰችላትና ደግሜ ሳላየው አልፈርድም አለች፤ ለትኬቷም ከፍላ፣ ጥቁሩን ጫማ በከረጢት አንጠልጥላ፣ እኔ ሹክ ያልኳትን የማይቆነጥጥ ወንበር ይዛ ተቀመጠች። እኔ ከላይ ስድስቱን ላስቲኮች እንደ አዲሱ አወራረድ አጠለቅሁ፤ ድሮ ሦስተኛ የነበረው ሁለት ኖረው፣ ድሮ ሁለተኛ የነበረው ሦስት። የመጀመሪያው ጥቅል ሲያልቅ መብራት በራ፤ ከታች ክርክሩ ተነሳ። አጎቴ እጁን ዘርግቶ የሚቀጥለውን ቆርቆሮ አነሳ። ሁለት ዓመት ሙሉ በጣቱ ዳብሶ በሆዱ ነበር የሚቆጥረው። አሁንም ዳበሰው፤ ወደ እኔ ዞረና «ሁለት» አለ፣ ጮክ ብሎ።